በሩ ላይ የተማረችው ቃል

ጅቡቲ ከተማ
ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሐናን፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ደኅና ነኝ። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው፤ ነፋሱ ሲነሣ አቧራው እስከ ውስጠኛው መደርደሪያ ድረስ ይገባል። ጫላ ከድሬዳዋ ያመጣውን አትክልት አሁንም ከከተማው ዳር፣ ፔካ 12 ላይ ነው የሚያወርድልኝ። በመጣ ቁጥር "ልጅሽ ቱርክ አግብታ ቀረች አይደል?" ይለኛል። "አንተ መጀመሪያ ቲማቲሜን ሳትጨፈልቅ አምጣ" እለዋለሁ።

ሦስት ጊዜ ደውለሽ "እንቁ ለምን መልእክት አትመልስልኝም?" ብለሽኛል። ሦስት ጊዜም "ሥራ በዝቶባት ነው" አልኩሽ። ውሸት ነው። እውነቱን በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ስትሰሚ እንዳታዝኚልኝ ብዬ ነው። ወረቀት ላይ ድምፅ የለም። የጎረቤታችን ልጅ አኒስ ማክሰኞ ወደ ኢዝሚር ይመለሳል፣ ይህን በእጁ ይሰጥሻል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ሦስት ሳምንት ሊሆነኝ ነው፣ ምግብ አልጣመኝም። የበሰለ ማንጎ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። አትክልት ነጋዴ ማንጎ ከተጸየፈች ምን ልትሸጥ ነው? ግን የተጸየፍኩት ማንጎውን አይደለም።

ከመሄድሽ በፊት የጻፍሽልን ሰማያዊ ደብተር ትዝ ይልሻል፤ የሚያምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ከሥራቸው ትርጉም፣ ከትርጉሙ ሥር ደግሞ ከራሳችን ኑሮ የተወሰደ ምሳሌ። "እማ፣ ምሳሌ የሌለው ቃል አይያዝም" ትይ ነበር። አንቺ ከሄድሽም በኋላ የዓርብ ትምህርቱን አላቋረጥንም። እንቁና ዙፋን ከሚሠሩባቸው ቤቶች ከቀትር በኋላ ፈቃድ ሲያገኙ እየመጡ፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ያነቡ ነበር። "ሂር" እና "ሊስን"፤ አንዱ ጆሮ ላይ መድረስ፣ አንዱ ማዳመጥ። ዙፋን "ባሌ ሂር ነው እንጂ ሊስን አያውቅም" ብላ ስታስቀን ትዝ ይለኛል።

"ፑሽ" እና "ፑል" ላይ ስንደርስ ምሳሌው የእኛው በር ነበር። ከተዘጋው ፋርማሲ የገዛሁት የመስታወት በር፣ በፈረንሳይኛ ከውጭ ግፋ፣ ከውስጥ ሳብ የሚል የተለጠፈበት። አንቺ በደብተሩ ላይ "ፑሽ፣ ከራስ ማራቅ፤ ፑል፣ ወደ ራስ ማምጣት" ብለሽ ጽፈሻል። እንቁ እነዚህን ሁለቱን ለመያዝ ሦስት ዓርብ ፈጀባት። እየወጣች፣ እየገባች፣ በየጊዜው ድምፅ አውጥታ ትላቸዋለች። የኤሲው ብርድ እያለቀብኝ ተናድጄ "አንቺ ልጅ፣ በሩን ነው የምትማሪው ወይስ ልትነቅይው ነው?" አልኳት። "ልያዘው እትዬ መሪማ፣ አንዴ ከያዝኩት አይለቀኝም" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተችም።

ይህን በደንብ ያዢልኝ። ቀሪው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የቆመው።

እንቁን ሄሮን ሰፈር፣ ማዳም ቤት፣ በሠራተኝነት ያስገባኋት እኔ ነኝ። ማዳም ጥሩ ደንበኛዬ ናት፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ናት፣ ከየት አገር እንደመጣች መጻፍ አያስፈልገኝም። ሌሎቹን ደንበኞች ያመጣችልኝም እሷ ናት። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ በእመቤትና በሠራተኛ መካከል ነገር ሲበላሽ ማን እንደሚጠራ ታውቂያለሽ። ማዳም "ይቺ ልጅ ጭንቅላት የላትም" ስትል እኔ "ቀስ ብለሽ ሥሪ ትልሻለች" እላለሁ። ልጅቷ "ይህች ሴትዮ አህያ መሰልኳት እንዴ?" ስትል እኔ "ትንሽ ደክሟታል" እላለሁ። ሁለቱም አመስግነውኝ ይለያያሉ፤ ሽንኩርቱንም ከእኔው ይገዛሉ። አንድ ቀን አብረሽኝ ሄደሽ፣ ስንመለስ "እማ፣ ይሄ እኮ ትርጉም አይደለም" አልሽኝ። "ታዲያ ምንድን ነው?" ስልሽ "ንግድ ነው" አልሽ። ሳቅሁብሽ።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ፣ ማዳም ሾፌሯን ላከችብኝ። ሳሎኑ እንደ ሥጋ ማቀዝቀዣ ይበርዳል። የማንጎ ጭማቂ ቀረበልኝ። ባልየው ቢሮ ነው። እንቁ ግድግዳው አጠገብ ቆማለች፣ እጆቿን ከሽርጧ ሥር ደብቃ።

ማዳም ነገሩን በጨዋ ድምፅ አስረዳችኝ። እሑድ ዕለት ባሏ ሸሚዝ ሊወስድ ወደ ልብስ መተኮሻው ክፍል ገብቶ ነበር፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሲያልፍ ልጅቷን ገፋ አድርጓት ይሆናል፣ ልጅቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተኩስም ብላለች። "ምን እንደሆነች አልገባኝም" አለችኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት እንቁ ተናገረች። በእንግሊዝኛ። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል እያስቀመጠች።

"ሂ ዲድ ኖት ፑሽ ሚ፣ ማዳም። ሂ ፑልድ ሚ።"

ከሽርጧ ሥር እጇን አወጣች። የቀኝ አንጓዋ ላይ የአራት ጣት ምልክት አለ፤ ጠቁሯል።

ማዳም እጇን አላየችም። ወደ እኔ ዞረች። "ምን ማለቷ ነው?" አለችኝ።

ሐናን፣ እንግሊዝኛ የማዳም የራሷ ቋንቋ ነው። ልጅቷ የተናገረችው እኔ እንኳ እንደዚያ አጥርቼ በማልናገረው እንግሊዝኛ ነው። ታዲያ አስተርጓሚ ለምን አስፈለገ? የምትጠይቀኝ ትርጉም እንዳልሆነ በዚያች ሰከንድ ገባኝ። የምትፈልገውንም ዕቃ አወቅሁት፤ ነጋዴ አይደለሁ? አንሥቼ ሰጠኋት።

"እነዚህን ሁለቱን ቃላት ታምታታቸዋለች" አልኳት። "ያኔ ሾርባውን ከሳሙና እንዳምታታችው። ገፋኝ ማለቷ ነው።"

የሾርባውን ነገር ታውቂዋለሽ። እንቁ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ማዳም "ሱፕ"፣ ሾርባ አምጪ ብትላት "ሶፕ" መስሏት ሳሙና ይዛ መጣች፤ ማዳም ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያወራች ትስቃለች። አሁንም ሳቀች። ትከሻዋ ወረደ፣ ፊቷ ተፈታ። "አውቄ ነበር" አለች።

እንቁ በአማርኛ "እትዬ መሪማ፣ በአንቺው በር ላይ እኮ ነው የተማርኩት" አለችኝ።

"ዝም በይ" አልኳት። "ለአንቺው ብዬ ነው።"

ለእሷ አልነበረም። ለምን እንደፈጠንኩ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ደንበኛ እንዳይቀርብኝ ብቻ ብዬ ቢሆን ነገሩ በቀለለኝ። የዚያን "ፑል" የሚል ቃል ትርጉም እኔ ከበር አልተማርኩትም። በአማርኛም በሶማሊኛም በፈረንሳይኛም አውቀዋለሁ። አባትሽን ከማግባቴ በፊት ካርቲዬ አንድ ሰፈር ማን ቤት ሠራተኛ ሆኜ እንደኖርኩ ጠይቀሽኝ አታውቂም። አሁንም አትጠይቂኝ። ያኔ እኔም ለቤቱ እመቤት ነግሬያት ነበር፤ በመካከላችን አንዲት አስተርጓሚ ነበረች፣ እሷም ቃሌን አጣፈጠችው።

ማዳም ወደ ወጥ ቤት ይዛኝ ገባች። ለዓርብ ማታ ግብዣ አላቸው። ቅቤ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ የበሰለ ማንጎ ሁለት ካርቶን። በእጄ ጻፍኩት። ከመውጣቴ በፊት የተረፈውን ጭማቂ እንኳ ጨልጬ ጠጣሁ፣ እንዳያስቀይማት ብዬ። መኪና ውስጥ ጣፋጩ ምላሴ ላይ እንደ ሙጫ ተጣበቀ። ሱቅ ስደርስ አፌን በጨው ታጠብኩ፣ አልለቀቀም።

የዕለት ማስታወሻዬን እንደማላስታጉል ታውቂያለሽ። የዚያን ዕለት ገጽ ዛሬ ገልጬ አየሁት። "የማዳም ትእዛዝ። ማንጎው እንዳይበላሽ ሐሙስ ማታ ይግባ። ነፋስ አለ" ይላል። ሌላ ምንም የለም። የልጅቷ ስም እንኳ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ምንም አያመልጠኝም እያልኩ ስጽፍ፣ ስንት ቀን እንደዚህ አድርጌ እንደጻፍኩ አሰብኩና ደብተሩ ራሱ ቀፈፈኝ።

በዚያ ሳምንት ዓርብ እንቁ አልመጣችም። በሚቀጥለው ሳምንት መጣች፣ ሐምሌ 12። አንድ ቦርሳ ይዛለች። ሱቅ ውስጥ ዙፋን ነበረች።

"ለቀቅሁ" አለች እንቁ።

ዙፋን "ደግ አደረግሽ። ዋራበሌ ሰፈር እኔ ቤት ነው የምትሄጂው፣ ጠባብ ነው ብለሽ እንዳትጨቀጭቂኝ" አለቻትና ቦርሳውን ተቀበለቻት። እኔን ግን ዞር ብላ አላየችኝም። እንቁ ሰማያዊውን ደብተር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። እንድትቀመጥ ጠየቅኋት። "አልቀመጥም እትዬ" አለች። ስድብ ጠብቄ ነበር፣ አልሰደበችኝም። ቢሰድቡኝ መልስ አላጣም ነበር። በሩን ስባ ወጣች፤ ከውስጥ ነበረችና።

ደብተሩን ለሁለት ቀን አልነካሁትም። ስከፍተው፣ ከአንቺ ጽሕፈት በኋላ ባለው ባዶ ገጽ ላይ የራሷን ሁለት ቃላት ጨምራ አገኘሁ። እንዳንቺው አድርጋ አስምራበታለች፦

"ሚስቴክ፣ ሰው ሳያውቅ የሚያደርገው።
ላይ፣ ሰው እያወቀ የሚናገረው ውሸት።
ምሳሌ፦"

ከምሳሌው ፊት ለፊት ምንም አልጻፈችም። ለእኔ ትታልኛለች።

ይህ ሁሉ ሆኖም ዝም ብዬ እቀር ነበር ብዬ እፈራለሁ። በዚህ ሳምንት ግን ዙፋን ድንገት መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነገረችኝ። እንቁ ሁለት ቤት ሥራ ጠይቃ መልሰዋታል። "ወሬ ትፈጥራለች ተብሏል" አለችኝ። "ማን አለ?" ብላት "ማዳም ናት፤ ምስክሯ ደግሞ አንቺ ነሽ። መሪማ ራሷ አረጋግጣልኛለች እያለች ነው የምታወራው። ስምሽ ከባድ ነው መሪማ፣ ልጅቷ ላይ ተጭኗል" አለች። ዕቃ ሳትገዛ ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ሄሮን ሄድኩ። ሐሙስ ጠዋት ማዳም ጓደኞቿን ሻይ እንደምትጠራ አውቃለሁ፤ የመረጥኩትም ለዚያ ነው። ሦስት ሴቶች ነበሩ፣ ሦስቱም ደንበኞቼ። አልተቀመጥኩም፣ የቀረበልኝንም አልጠጣሁም። ሌሊቱን ያጠናሁትን በእንግሊዝኛ ተናገርኩ፤ ስኳር የለበትም። እንቁ ቃሉን አላምታታችም። ባልሽ ወደ ራሱ ነው የሳባት። ምልክቱን በዓይኔ አይቻለሁ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ማዳም አልተቆጣችም። ፈገግ ብላ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። "ምስኪን መሪማ" አለች። "ፑሽና ፑል ሁሉንም ያስቸግራቸዋል።"

አየሽ፣ እኔው የሸጥኩላትን ዕቃ መልሳ ሰጠችኝ። አንድ ፍሬ አልጎደለበትም። ሁለቱ ሴቶች ፈገግ አሉ። ምራቄ አፌ ውስጥ መረረኝ፤ ያን ያማረ ምንጣፍ ልተፋበት ምንም አልቀረኝም።

ሦስተኛዋ ግን አልሳቀችም። ፈረንሳዊት ናት፣ ካርቲዬ ሁለት ድረስ በእግሯ እየመጣች ዓሣ የምትገዛው፣ ታውቂያታለሽ። ስኒዋን አስቀመጠችና "በፈረንሳይኛ ድገሚልኝ" አለችኝ። ደገምኩት። በፈረንሳይኛ አልሳሳትም። ከዚያ በኋላ ሻዩን ማንም አልነካውም። እኔም ወጣሁ።

ትናንት የዚያች ሴት ዘበኛ ሱቅ መጥቶ የእንቁን ስልክ ጠየቀኝ፤ እመቤቱ ሠራተኛ ትፈልጋለች። ሰጠሁት። ሦስት ቦታ ዕቃ ያደርስ የነበረው ጋሪ ዛሬ ባዶውን ቆሟል፣ ማዳምና ሁለቱ ጓደኞቿ ትእዛዛቸውን አቋርጠዋል። ይህን የምነግርሽ እንድታመሰግኚኝ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን፣ አጠገቧ ቆሜ፣ በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ነበር።

ዋራበሌ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ዙፋን በር ላይ አስቁማ "ተኝታለች" ትለኛለች። አልተኛችም፤ የጫማዋን ኮቴ እሰማለሁ። እውነት አላት። ስለዚህ አንቺ ጻፊላት። ሐሙስ ዕለት በእነማን ፊት ምን እንዳልኩ ንገሪያት። ይቅር በያት እንዳትያት፤ የአንቺ አይደለም፣ የእኔም አይደለም። ስሟ ከዚያ ቤት ንጹሕ ሆኖ እንደወጣ ብቻ ትወቅ።

ምሳሌውን ሞልቼዋለሁ። የራሴን ስም፣ የማዳምን ሳሎን፣ ቀኑን ጽፌ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ደብተሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ስሕተት ካለበት አርሚው፤ "ላይ" በሚለው ሥር መሆኑን ግን አትቀይሪብኝ።

አላህ በሰው አገር ካለው ክፉ እጅ ይሰውርሽ። የምትናገሪውን የሚያዳምጥ ሰው ይስጥሽ፤ አንቺም የሰውን ቃል ሳታጣፍጪ የምታደርሺ ያድርግሽ። በብርዱ ወራት ጥሩ ካልሲ ግዢ፣ በቀጭኑ አትታለይ።

እናትሽ መሪማ

እንቁ መልስ ከጻፈችልሽ ምን እንዳለች አትንገሪኝ። መመለሷን ብቻ ንገሪኝ።