ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁት ሳህን

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ሳሉስ ለቀቀዎት? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጆሮዬን ሳልጨምር።

እርስዎ ሠላሳ ዓመት የተቀመጡበት የሳህን መፈተሻ ክፍል መልኩ ተለውጧል። ባለፈው ወር ከመንግሥት የመጡ ሰዎች ፋብሪካው በዲጂታል ቴክኖሎጂ እንዲሠራ እናግዛለን ብለው ማሽን አስገቡ። ኃላፊያቸው ሥራችሁ ይቀላል እንጂ አይቀንስም አለን። ስለ መቀነስ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ከሦስቱ ወንበሮች አንዱ ለማሽኑ ቦታ ተብሎ ተነሣ።

ማሽኑ ገና እየተማረ ነው፤ የሚማረውም ከእኔ። ደረቴ ላይ ትንሽ ማይክራፎን ሰክተውልኛል። ሳህኑን በጣቴ ኳ አደርግና ድምፁን ሰምቼ ያልፋል ወይም ይጣል እላለሁ። እሱ ያዳምጣል። ጓደኞቼ፣ ሁሉን ሰምቶ ምንም ስለማይናገር፣ አማትሽ ይሉታል። ሻይ ላይ፣ ዛሬስ አማትሽ ምን ታዘበች ብለው ይስቁብኛል። እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ማይክራፎኑን እንዳልነቀልኩት ትዝ ይለኛል።

አባዬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎ። ማክሰኞ ዕለት አንድ ሳህን ኳ አደረግሁ። ስንጥቅ ነበር፤ እርስዎ የታፈነ ድምፅ የሚሉት። ያልፋል አልኩ። አፌ አምልጦኝ አይደለም፣ አስቤበት ነው። ተሳስቶ ይማር፣ ወንበሬ ይቆይልኝ ብዬ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሁለት ሦስቴ እዋሻለሁ። የመጀመሪያውን ሳህን ሳይታሸግ ሸሸግሁት። ሌሎቹ ላይ ማን ትኩስ ነገር እንደሚያደርግባቸው አላውቅም።

ቤት ወስጄ ደግሜ ሞከርሁት። ደኅና ሳህን መሰለኝ። እንደገና፤ ስንጥቅ። እንደገና፤ እንጃ። ማሽኑን አሳስታለሁ ስል የራሴን ጆሮ አሳስቼው እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ሳህኑን በፎጣ ጠቅልዬ በጎረቤቴ በሹፌሩ እጅ ልኬልዎታለሁ። እንዳስተማሩኝ ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩትና ይጻፉልኝ። ስንጥቅ ከሆነ ጆሮዬ አለ ማለት ነው፤ የዋሸሁትን ሄጄ ለአለቃው እናገራለሁ፣ የመጣው ይምጣ። ደኅና ከሆነ ግን ወንበሩን ማንም ሳያነሣው እኔው እለቅላቸዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። እህቴን፣ የሕፃኗ ጥርስ ወጣ ወይ በሉልኝ። አክስቴ ስለ ትዳሬ መጠየቋን ትተውልኝ፣ አማት አግኝቻለሁ። ታናሽ ወንድሜንም ሰላም በሉልኝ፤ ሳህኑን ሲሞክሩ ራዲዮኑን ያጥፋልዎት። እማዬ ደግሞ እርስዎ ሳይሰሙት ምግብ እንዳታቀርብበት አደራ።

ልጅዎ
ከሠራተኞች መኖሪያ፣ ክፍል ቁጥር 14
ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ