አንዱን ሁለት የሚያሳየው ድንጋይ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን

የዓይኔ ብርሃን ልጄ፣

ጥፋተኛው አጎትሽ ነው፤ መነጽር ሠሪው ወንድሜ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ጤናሽን ልጠይቅ። ደህና ነሽ ወይ? ሳሉ ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴና ከእሱ በቀር ደህና ነኝ።

የላክሽልኝን ጥርት ያለ ድንጋይ መጀመሪያ ያሳረፍኩት ደብዳቤሽ አናት ላይ ነው። «እማዬ» ያልሽው ሁለት ሆነ። ሁለቴ ጠራሽኝ። እዚህ ቤት አንዴም እንዲያ ብሎ የሚጠራኝ የለምና ጠዋት ጠዋት እያነሳሁ አየው ነበር።

አጎትሽ «ዘመም ያለ ነው፤ ላቃናልሽ» ብሎ ሱቁ ወሰደው። ሲመልሰው ሁለት ማዕዘኑ ተሞርዶ፣ እንደ መነጽር ተወልውሎ መጣ። ባሳርፈው «እማዬ» አንድ ብቻ።

«ይሄ መስታወት ነው! የልጄን ድንጋይ ለማን ሸጥከው?» አልኩት።

«ለማን እሸጠዋለሁ እትዬ? ለሰካራም? እሱ ያለ ድንጋይም ሁለት ያያል።»

«አትቀልድ!»

«የታመመ ነበር፤ አዳንኩት። እያገላበጥኩ አንድ የሚያሳይበትን ፈልጌ በዚያ በኩል ሞረድኩት። ሁለት የሚያሳይ ነገር ከእጄ ቢወጣ ደንበኛ አይስቅብኝም?»

እኔ ይህን ላምን! ኮቱን ፈተሽኩ፤ መወልወያ ጨርቅና ከረሜላ አገኘሁ። ከረሜላውንም ጠረጠርኩት። ጎረቤቱ ወርቅ ሠሪ ፈገግ ቢልብኝ «ገዢው ይሄ ነው» አልኩ። አጎትሽ ምሳውን ሱቁ መብላት ጀመረ።

ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነውና ደብዳቤሽን እንደ ጥሬ እየለቀምኩ ነው የማነበው። የድንጋዩ ታሪክ ላይ የደረስኩት ዛሬ ነው። ሊቃውንቱም ለካ እንደኛ ቤት ናቸው። አንዱ ብርሃን እንደ ውሃ ሞገድ ነው፣ በዚህ ድንጋይ ውስጥ አንዱ ሞገድ ክብ፣ ሌላው እንቁላል መስሎ ይሰፋል አለ። ሌላው፣ የለም፣ ብርሃን ጎን ያላት ደቃቅ ፍንጣቂ ናት አለ። መቶ ዓመት ያህል የታመነው ስሙ የገነነው ይሄ ሁለተኛው ነው። ኋላ አንድ ሰው የመስኮት ነጸብራቅ በድንጋዩ እያየ ቢያዞረው አንደኛው ምስል ደብዝዞ ጠፋ። በመጨረሻ ሞገድ ነው፣ ግን ወደ ጎን የሚርገበገብ ተባለ። ድንጋዩ መቼም አልዋሸም፤ ያላመነው ሰው ነው።

ያ መጀመሪያ ሞገድ ነው ያለው ሰው ግን ሌላም ነገር አይቷል አልሽ፦ ከአንዱ ደነዝ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው በሚያልፈው አቅጣጫ ብርሃኑ አይከፈልም።

አጎትሽ የሞረደው እነዚያኑ ማዕዘኖች ነው። ለካ እስከ ዛሬ በዚያው አቅጣጫ ነበር የማየው፤ ድንጋዩን በጎኑ አጋደምኩት።

«እማዬ፣ እማዬ።»

ቢሆንም ጥፋተኛው እሱ ነው፤ አድነው ያለው ማን ነው? ምሳውን ሱቁ ድረስ ወሰድኩለት፤ ምክንያቱን አልነገርኩትም። «ዛሬ ደግሞ መርዝ ነው?» እያለ ሙልጭ አድርጎ በላ።

እግርሽ እንቅፋት አይምታው፤ የሰው ፊት አይጥቆርብሽ። ይህን ለእሱ አትጻፊለት እንጂ፣ ከእንግዲህ ኮቱን አልፈትሽም።

እናትሽ