አራቱ አምፖሎችና ጌታቸው
ላሊበላ፣ ኅዳር 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ዛሬ ከሙጃ የመጣች ሴት ጤና ጣቢያችን ውስጥ ምጥ ጠንቶባት ዋለች። አመሻሹ ላይ ጄነሬተሩ እምቢ ስላለ፣ የጣቢያው መብራት ኃላፊ እኔ ነኝና አራት የመኪና አምፖሎች ከመኪና ባትሪ ጋር አያይዤ አበራሁ። ክፍሉ ቦግ ሲል አዋላጇ አልማዝ “እጅህ ይባረክ” አለችኝ።

ከደሴ የመጣው አዲሱ ቴክኒሽያን ጌታቸው ግን፣ “ባትሪው አራቱን ማብራት መቻሉ አንድ ነገር ነው፤ ስንት ሰዓት ይዘልቃል የሚለው ሌላ ነው” አለ። ቀንቶብኝ ነው ብዬ አራቱንም እንደበሩ ተውኳቸው።

ሕፃኗ ሳትወለድ መብራቱ ይደክም ጀመር። ጌታቸው ሦስቱን ቶሎ አጠፋ፤ በቀረችው አንዲት አምፖል ልጅቷ በሰላም ተወለደች። አልማዝ እኔ እየሰማሁ፣ “አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?” አለችው።

ስለ ሕፃኗ ደስ ሊለኝ ሲገባ በጌታቸው ቀናሁ። ልክ መሆኑን ለዚህ ደብተር እናገራለሁ እንጂ ለእሱ አልነግረውም።