ሚሚ ደህና ናት

ሰኔ 26፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 10፡00

ቁልፍ ተረከብኩ። ሦስት ነው፤ የውጭ በር፣ የሳሎን፣ የጓዳ። መኝታ ቤታቸውን ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ሄዱ። ደግ አደረጉ፣ ከሐሜት ያድናል። እትዬ ሰናይት (ካሁን ወዲያ ሰ. ነው የምላት፣ የሱሉልታ ብርድ ብዙ አያጽፍም) ከባለቤቷ ከአቶ ደረጀ ጋር ዱባይ ናት። የእህቷ ሠርግ። ሁለት ሳምንት።

ይሄ አራተኛ ቤቴ ነው። ሁለቱ ሰበታ፣ አንዱ ቡራዩ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ለለውጥ ነው እላለሁ፣ የማርመው ጽሑፍ ጸጥታ ይፈልጋል እላለሁ። የማተሚያ ቤት አራሚ መሆኔ እውነት ነው። የቀረው ውሸት ነው። ሰበታ የተከራየኋትን ክፍል ከለቀቅኩ ስድስት ወር አለፈኝ፤ የሰው ቤት ካልጠበቅኩ የማድርበት የለኝም። ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ደብተሬ። እናቴም አታውቅም።

ሕጌ አንድ ነው። ቤት እጠብቃለሁ፣ እንስሳ አልጠብቅም። ቡራዩ ላይ ሁለት ውሻ ጥለውብኝ ሄደው አጥንት ስቀቅል፣ ፀጉር ስጠርግ ከረምኩ። ለሰ. አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። የለንም፣ ዶሮ እንኳ የለንም ብላ ምላለች።

ማታ 1፡15

ምላለች! ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፋ ሄዳለች። እንዳለ ልገልብጠው፦

«ብሌንዬ፣ ሚሚ ጠዋትና ማታ ትመጣለች፣ በር ክፈቺላት። የሷ ፍሪጅ ውስጥ፣ በሩ ላይ ነው። ወተቷም አለ። ዝም ካለች ከፍቷታል ማለት ነው፣ አጫውቻት። አደራ።»

ድመት። ሸውዳኛለች። ፍሪጁን ከፈትኩ፣ እውነትም ወተት። የሰኔ ጾም ላይ ነን፣ ሰ. ደግሞ ዘይት ሲገዛ እንኳ ጀርባውን አንብባ የምትገዛ ጾመኛ ናት። እዚህ ቤት ወተት ለድመት ካልሆነ ለማን ነው?

ተናድጃለሁ። አልደውልም፣ አልጣላም፣ ግን አልታዘዝም። ስትመጣ ትመለሳለች።

ሰኔ 27፣ አርብ፣ ጠዋት 3፡00

መጣች። ግራጫ፣ ጆሮዋ የተቀደደ፣ አጥሩ ላይ ተቀምጣ ጓዳውን ታያለች። የአትክልቱን ጎማ ከፍቼ ረጨኋት። ዝናቡ ያልበቃት ይመስል። ሄደች።

ከሷ በፊት ለማኝ መጥተው ነበር። በር ሲንኳኳ በቀዳዳው አየሁ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ነጠላቸው የረጠበ፣ ዣንጥላቸው አንድ ጎኑ የተሰበረ። እንደምን አደርሽ ልጄ አሉኝ። ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ቀዳዳውን ዘጋሁት። ወዲያው አልሄዱም። በበሩ ሥር ጥቁር የላስቲክ ጫማቸው ይታየኝ ነበር። ኋላ ሄዱ።

ዳቦ ነበረኝ። ትንሽ ከነከነኝ። ግን ሰ. ለማታውቂው ሰው አትክፈቺ ብላኛለች። ወደ ሥራ። የዛሬው ስለ ንብ እርባታ ነው፣ ሰማንያ ገጽ፣ አራት ነጥብ የማያውቅ ደራሲ።

ማታ 1፡40

12 ሰዓት ላይ እንደገና ተንኳኳ። ጎንበስ ብዬ በበሩ ሥር አየሁ፣ ያው የላስቲክ ጫማ። ለማኝ አንዴ ከለመደ አይለቅም ብዬ ዝም አልኩ። የጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁ።

ሰ. ደወለች። ሚሚ መጣች ወይ አለች። መጣች አልኳት። ወተቷን ጠጣች? ጠጣች። ጎሽ አለች። አንዳንዴ እንቢ ትላለች፣ ስትለምድሽ ደግሞ ወሬዋ አያልቅም፣ ቻያት አለችኝ። የድመት ጩኸት ወሬ መሆኑን ዛሬ ሰማሁ። ሳቄን ዋጥኩ።

መዋሸት እንዲህ ቀላል ነው? ከአፌ ሲወጣ ምንም አላለኝም። አሁን ነው ደስ ያላለኝ።

ሰኔ 29፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ሰላም። ድመቷ ቀርታለች፣ ለማኟም ቀርተዋል። ንቦቼን ጨረስኩ።

ወተቱን ጠጣሁት። ሊበላሽ ነው ብዬ ሻይ ላይ ጀመርኩ፣ ከዛ በብርጭቆ። በጾም፣ ለድመት የተገዛ ወተት። ከወተቱ ኋላ የተቋጠረች ትንሽ ጥቁር ፌስታል አለች፣ የድመቷ የሥጋ ፍርፋሪ ትሆናለች ብዬ አልፈታኋትም። ወተቱን ጨልጬ ሥጋውን ተጸየፍኩ። ጾሜ እንዲህ ነው።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ሰ. እንደገና። ሚሚ ለመደችኝ አልኳት። ካልተጠየቅኩት እየጨመርኩ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ደስ ብሏት ነበር ሁሉ አልኩ። ደረጀ ይህን ሲሰማ ዕንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሐሳቡ እሷ ናት አለችኝ። የሀብታም ሐሳብ! እኔ የምወድቅበት የለኝም፣ እነሱ ለድመት ዕንቅልፍ ያጣሉ።

ወዲያው ይህን ማሰቤ አሳፈረኝ። ቤታቸውን የሰጡኝ ሰዎች ናቸው።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 5፡20

 ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አላምነውም።

ኦቦ ቶሎሳ መጡ። ከኋላ በኩል ያሉት ጎረቤት ናቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል የሚያከራዩ ሽማግሌ። ከመጣሁ ጀምሮ በየጠዋቱ አከም ቡልቴ ይሉኛል፣ እኔም በማውቃት ግማሽ ኦሮምኛ እመልሳለሁ። ዛሬ ሰላምታ የለም። ሚሚ ወድቃ ተገኘች፣ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወስደናታል፣ መድኃኒቷ እዚህ ነው፣ ቶሎ ስጪኝ አሉ።

እኔ ምን አልኩ? ድመት ጤና ጣቢያ ይወሰዳል እንዴ አልኳቸው። ፈገግ ብዬ።

ግንባራቸውን ቋጠሩ። ከዛ ቀስ ብለው «የምን ድመት ነው የምትዪው?» አሉ።

ሚሚ የአቶ ደረጀ ታላቅ እህት ናት። ናቸው። የኦቦ ቶሎሳ ተከራይ ናቸው። ስኳር አለባቸው። ክፍላቸው ፍሪጅ ስለሌለው ኢንሱሊናቸውን ወንድማቸው ቤት ያስቀምጣሉ፣ ጠዋትና ማታ መጥተው ተወግተው ይሄዳሉ። ከልጅነታቸው ሚሚ ስለተባሉ ሠፈሩ ሁሉ ሚሚ ይላቸዋል።

ፌስታሏን ፈታኋት። ሁለት ብልቃጥ፣ መርፌዎች። ቋጠሮው አልፈታ ብሎኝ በጥርሴ ነው የፈታሁት።

ከኦቦ ቶሎሳ ጋር እየሄድኩ ነው። ባጃጁ በር ላይ ነው።

ከሰዓት 11፡00

ከአልጋው ሥር ጥቁር የላስቲክ ጫማ። ፊታቸውን ሳላይ ጫማውን አወቅኩት።

አራት ቀን ሙሉ ያለመድኃኒት። ነርሷ ማን ነው የሚንከባከባቸው ብላ ጠየቀች። ኦቦ ቶሎሳ ወደኔ አዩ። እኔ ወደ ግድግዳው አየሁ። ፈሳሽ ተሰክቶላቸዋል፣ ተኝተዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። በቀዳዳ ያየኋቸው ሴትዮ ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ ያልኳቸው።

ኦቦ ቶሎሳ ሁሉን እንዳወቁ እርግጠኛ ነኝ። አልወቀሱኝም። ስንለያይ ገለቶሚ አሉኝ፣ አብረሽኝ ስለመጣሽ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሰ. አልደወልኩም። ሠርጉ ነገ ነው፣ አላስደነግጣትም እላለሁ። ለእሷ ያዘንኩ መስዬ ለራሴ ነው የማዝነው።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ፣ ንጋት

የሰ.ን ወረቀት አሥር ጊዜ አነበብኩት። «ትመጣለች» ይላል። ይመጣሉ ብትል ኖሮ፣ አንድ ጊዜ የደረጀ እህት ብትል ኖሮ። አራሚ ነኝ፣ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው ማለት ሥራዬ ነው።

ግን ልክ አይደለም፣ ደብተሬ። የገባኝ እንደገባኝ ነው፣ ድመት ነው የገባኝ። ለድመቷም በር ክፈቺ ተብያለሁ፣ ወተት ስጪ ተብያለሁ፣ አደራ ተብያለሁ። አልሰጠሁም። ሰጠሁ አልኩ። ለድመት የዋሸሁት ውሸት ነው ሰው ላይ የወደቀው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ትል ነበር እናቴ፣ የጎረቤት ቁልፍ ስንቀበል።

ከሰዓት 10፡30

ነቅተዋል። ትራስ ከፍ አድርጌ ደግፌያቸው ሾርባ አጠጣኋቸው። ድምፄን ሲሰሙ ማንኪያውን በእጃቸው ገታ አድርገው አዩኝ። የበሩ ድምፅ ነሽ አሉኝ።

ነኝ አልኳቸው።

ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ከጾሙ በፊት ከሰ. ጋር ተኳርፈው ነበር። ሰ. እኛ ጋ ገብተሽ ኑሪ አለች፣ እሳቸው የራሴን በር ዘግቼ ነው የማድረው አሉ፣ በዚህ ተቀያየሙ። ስለዚህ እኔ እግዜር ይስጥልኝ ስላቸው ሰ. ያዘዘችኝ መሰላቸው። በገዛ ወንድሜ ደጅ ለማኝ ተባልኩ አልኩ አሉ። ማታ ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ተመለሱ፣ ጭራሽ አልተከፈተም። ከዛ ወዲያ ብሞት አልሄድም ብለው ማሉ። ወተቱንም እዚህ የሚጠጡት ተደብቀው ነው። የነፍስ አባታቸው ለሕመሙ ፈቅደውላቸዋል፣ ግን በጾም ሲጠጡ ተከራይ እንዳያያቸው ያፍራሉ።

ያፍራሉ። እኔ በብርጭቆ የጨለጥኩትን።

ሁሉን ነገርኳቸው። ሰ. አላዘዘችኝም፣ እርስዎን ድመት ነበር የመሰሉኝ አልኳቸው። ወተቱንም እኔ ነኝ የጠጣሁት አልኳቸው። ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ አጠገባቸው ያለችው በሽተኛ ሁሉ ምን አገኛችሁ አለች። እኔም ሳቅ ቀደመኝ፣ ቀለል አለኝ።

ከዛ ሳቃቸውን ጨርሰው አይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ድመትስ ብሆን ልጄ፣ አይርበኝም?» አሉኝ።

የቀረውን ሾርባ አጠጣኋቸው። 

ሐምሌ 4፣ አርብ፣ ከሰዓት 9፡00

ትናንት ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ እኔ እየወሰድኩላቸው ነው። በዝናብ፣ የሳቸውን የተሰበረ ዣንጥላ ይዤ። ተመልሰው ይህን በር እንዲያንኳኩ አልፈለግኩም። እሳቸው ግን ነገ እኔው እመጣለሁ ብለዋል።

ሰ. የድምፅ መልእክት ላከች። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሚሚ ደውለው ነግረዋታል፤ ወድቄ ነበር፣ መድኃኒቴን ራሴ ዘንግቼ ነው፣ ይቺ ልጅ ባትኖር አልተርፍም ነበር ብለው። ሰ. ታለቅሳለች። አንቺን የጣለልኝ እግዚአብሔር ነው ትላለች። ጓደኛዋ ቡራዩ ውስጥ ትልቅ ቤት አላት፣ ለስድስት ወር ትሄዳለች፣ የታመነ ሰው ትፈልጋለች፣ እንስሳ የላትም፣ ስምሽን ሰጥቻለሁ ትላለች።

ስድስት ወር። ደብተሬ፣ ስድስት ወር የማድርበት ማለት ነው።

ሮጬ ወደ ሚሚ ሄድኩ። ለምን እንደዚያ አሉ አልኳቸው። እንጀራሽ ነው፣ ዝም በይ አሉኝ። ቤት እንደሌለሽ ከሻንጣሽ ነው ያወቅኩት፣ ለሁለት ሳምንት የመጣ ሰው የክረምትና የበጋ ልብስ አይዝም አሉ። በጾም እንዲህ ያለ ውሸት ኃጢአት ነው፣ ነገ እናገራለሁ ለነፍስ አባቴ ብለው ደግሞ ሳቁ።

ሻንጣዬን መቼ አዩት? ለካ መድኃኒቱን ይዤ ስሮጥ በሩን ክፍት ትቼው ሄጄ፣ ኦቦ ቶሎሳ ተመልሰው ሲዘጉ ሳሎን የተከፈተውን ሻንጣዬን አይተዋል። እሳቸው ናቸው የነገሯቸው። ቤት ጠባቂ ነኝ ባይዋ፣ በር እንኳ አልዘጋሁም።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡30

ጾም ተፈታ። ከማንኳኳታቸው በፊት በሩን ከፍቼ ቆምኩ። የላስቲክ ጫማቸውን ደጅ ሊያወልቁ ሲሉ እንዳያደርጉት ለመንኳቸው። ተወጉ፣ አዲስ የገዛሁትን ወተት ሳይደበቁ ሳሎን ተቀምጠው ጠጡ። ወሬያቸው እውነትም አያልቅም። ግራጫዋ አጥሩ ላይ መጣች። የማን ናት አልኳቸው። የማንም አይደለችም አሉና ከብርጭቆው ሥር የቀረችውን በሾርባ ሳህን አስቀመጡላት።

አሁን ሄደዋል። ሥራ መጀመር ነበረብኝ። ለሰ. ስጽፍ ነው የቆየሁት።

የመጀመሪያው ረጅም ነበር። «ትመጣለች» ስለሚለው ቃል አንድ አንቀጽ ነበረው። ሰረዝኩት። ስለ ጾሙና ስለ ወተቱ ያስረዳ ነበር፣ ሰረዝኩት። ቤት የለኝም የሚለውን ጻፍኩ፣ ለማሳዘን መሆኑ ገባኝ፣ እሱንም ሰረዝኩ። የሌላ ሰው ጽሑፍ ቢሆን እንዲሁ ነበር የማርመው። የቀረው ይሄ ነው፦

«እትዬ ሰናይት፣ ሚሚ ደህና ናት ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነበር። በር አልከፈትኩላቸውም። ወተታቸውን ጠጥቻለሁ። መድኃኒታቸውን አልዘነጉም፣ እኔ ነኝ የመለስኳቸው። ለጓደኛሽም ይህንኑ ንገሪያት።»

ሚሚ እንጀራሽ ነው ብለዋል። ብልክ ቡራዩ የለም። ሻንጣዬን ከወዲሁ አዘጋጅቻለሁ፣ የክረምቱንም የበጋውንም።

ላክሁ።

አንብባዋለች። እየጻፈች ነው ይላል ስልኬ። ቆመ። ደግሞ ትጽፋለች።

መጻፉን ተወችው። እየደወለች ነው። አነሳዋለሁ፣ ደብተሬ፣ ምንም ትበለኝ