ጥጉን ያስለቀቅኩበት ገና

ታኅ. 19፣ ዐሥር ሰዓት ገደማ

ዛሬም ለገና ጨዋታ ሜዳ ዋልን። አዝመራው ተነሥቷል፣ ቦታው እንደ ልብ ነው። ዐሥራ አምስት ሰው፣ ዐሥራ አምስት ዱላ፣ ሁሉም ሩሯ፣ አንዲቷ ኳስ ላይ ግር! አለቃቸው እኔ፣ ስንቴ ልናገር? ዘዴዬን አንቺም ስሚኝ ደብተሬ፦ ሦስቱ ከኋላ ይቆማሉ። ስምንቱ መሃል። የቀሩት አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው ጥግ ጥጉን ይይዛሉ። ታች ሰፈሮች በግርግር ይመጣሉ፣ እኛ በጥግ ሾልከን እናገባለን። ሳቁብኝ። ይሳቁ!

ታኅ. 22

በወንዙ በኩል ያለውን የሜዳ ጥግ ለፉፋ ሰጠሁት። ፉፋ ሺናሻው፣ ማር ሻጩ ጎረቤቴ። ግራኝ ነው፤ ሰዉ በቀኝህ ለጋ እያለ ሲነዘንዘው ኖሯል። የዋህ ሁላ! እዚያ ጥግ ላይ ግራኝን ማን ይችለዋል? ምልክትም አስተማርኩት፦ ዱላዬን መሬት ስተክል ጥጉን ለቆ መሃል ይገባል፣ ከኋላው ያለው ሰው ቦታውን ይይዛል። ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከኔ፣ ከፉፋና ከኋላው ከሚቆመው ሰው በቀር ምልክቱን የሚያውቅ የለም።

ታኅ. 29፣ ገና

ተሸነፍን። ዛሬ አልጽፍም።

ታኅ. 30፣ ማለዳ

እንቅልፍ የለም። ልንገርሽና ይውጣልኝ።

አንድ ለአንድ ነን። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የፉፋ የኋላ ሰው ቅልጥሙን ተመትቶ ወጥቷል። ግራዝማች፣ ዓመቱን ሙሉ ደብዳቤ የምጽፍላቸው ጌታዬ፣ ለታች ሰፈር ይጫወታሉ። ሩሯን ራሳቸው እየነዱ በወንዙ ጥግ መጡ። ላብ በላብ ሆነዋል። ፉፋ ፊታቸው ቆሟል፤ ሊነጥቃቸው ነው። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ያዩኝ መሰለኝ። በቃ፣ ዱላዬን መሬት ተከልኩ።

ፉፋ ወዲያው ለቀቀ። ከኋላው ሰው እንደሌለ እያወቅሁ ነው የተከልኩት። ገባችብን።

ምነው እጄን በቆረጠው! በገና ጨዋታ ጌታው በሎሌው ይሰደባል፣ ቅልጥሙ ይመታል፣ ማንም አይቆጣም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ዓመት ሙሉ ጎንበስ ያለ ወገቤ ግን ለአንድ ቀን እንኳ አልቀና አለ።

ጥር 2

ሰፈሩ ሽንፈቱን በፉፋ ላይ አላክኳል። ሸሸ ይላሉ። ሸጠን ይላሉ። ድሮም የኛ ሰው አይደለም ያለም አለ፤ አብሮን የሚያስቀድሰውን ሰው! ለጥምቀት ጨዋታ አይሰለፍም ተባለ። ማሩንም የሚገዛው ጠፋ። ያ የተመታው የኋላ ሰው ምልክቱን ያውቃል፤ ግን ያን ጊዜ ከሜዳ ወጥቶ ነበር፣ አላየም። እኔ መሃላቸው ተቀምጫለሁ። እውነቱን ትቼ ስለ እህል ጠየቅኋቸው። ስለ እህል!

ጥር 4

ግ/ማች ደብዳቤ ሲያስጽፉኝ ሳቅ አሉ። ቅልጥማቸውን ገልጠው አሳዩኝ፤ ዘንድሮ አንድ ጭረት የለም። እንደ እንግዳ አጫወታችሁኝ፣ አረጀሁ መሰለኝ አሉ። ቅር ብሏቸዋል። ለሳቸው ስል ያደረግሁት እሳቸውንም አላስደሰተ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ!

ጥር 6፣ ዘጠኝ ሰዓት

ፉፋ መጣ። ሊጣላኝ የመጣ መሰለኝ። ቢጣላኝ በወደድኩ። ማር ይዞልኛል። ምልክቱን ለማንም አልተናገረም፤ የአለቃ ዘዴ አይወራም ብሎ። ስድቡን ሁሉ ችሎ ሰንብቷል። የመጣው ሊጠይቀኝ ነው።

«ያ ብልሃት ምን ነበር፣ ጌታዬ? ከኋላዬ ማን ነበር? እኔ ሳስብ ሳስብ አልገባኝም። አስተምረኝ።»

ብልሃት አለው! ቆይ፣ በወረቀት ልሣልልህ አልኩት። ይኸው ይህን ሁሉ የምጽፈው ሥዕል የምሥል መስዬ ነው። በሩ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ። ሊማር።

የሰፈሩ ሰው ሜዳ ላይ ነው፤ ጩኸታቸው እዚህ ድረስ ይሰማል። ግ/ማችም አይጠፉም። ጥሩ። መጀመሪያ እዚሁ ለሱ እነግረዋለሁ። ከዚያ ይዤው እወርዳለሁ፣ ሁሉም ባሉበት እናገራለሁ። ጥጉን ያስለቀቅኩት እኔ

ፉፋ ተነሣ። ሥዕሉ አለቀ ወይ ይለኛል