በእናት አፍ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። የምሠራበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አርባ የሚሆኑ መጻሕፍት ተመለሱ፤ ሦስቱ ሾርባ ፈሶባቸዋል። ልጄ ፊን ጠዋት ያሳላት ሁለቴ ብቻ ነው። ሁለቴ! አምና በዚህ ወር ደረጃውን ሳታርፍ መውጣት አትችልም ነበር። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ በብስክሌት ትሄዳለች። መድኃኒቱ ነው... ሌላ ምን ይሆናል?

ኦርታንስ ደወለች። ሐሙስ ብራስልስ ምሳ እንብላ አለች። የፊንን መድኃኒት የሚሠራው ኩባንያ ሠራተኛ ናት። ሥራዋ ሕግ የሚያወጡትን ሰዎች መወትወት ነው፤ እሷ ግን "ሰው ከሰው ማገናኘት" ነው የምትለው። እኔ የምመራውን የወላጆች ማኅበር ቢሮ የሚከራዩልንም እነሱ ናቸው። የፊንን ልደት አንድም ዓመት ረስታ አታውቅም። የገዛ አክስቷ እንኳ ትረሳዋለች።

ፊርሚን፦ "ምሳ የሚጋብዝሽ ሰው ርቦት አይደለም።" ባሌ ማንንም አያምንም። ትራም ሲጠግን ነው የሚውለው፤ ድምፅ ሁሉ ብልሽት ይመስለዋል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ምሳው ጥሩ ነበር። ከአውሮፓ ፓርላማ ፊት ለፊት፣ መስኮት ጋ። ኦርታንስ ከአላፊ አግዳሚው ግማሹን በስሙ ትጠራዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ የመድኃኒት ሕግ እየመጣ ነው። አዲስ መድኃኒት ያወጣ ኩባንያ ለተወሰኑ ዓመታት ተፎካካሪ ሳይመጣበት ብቻውን ይሸጣል። ሕጉ ግን አንድ አንቀጽ ጨምሯል፦ መድኃኒቱን ለሁሉም የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ካላቀረበ ሁለት ዓመት ይቀነስበታል። የነኦርታንስ ኩባንያ አንቀጹ ይሰረዝ ይላል። በ22 የፓርላማው ኮሚቴ የሕሙማንን ድምፅ ይሰማል። የሚናገረው ሰው... እኔ።

"ለምን አንቺ አትናገሪም?" አልኳት።

ሳቀች። "እኔ ስናገር ኩባንያ ነኝ። አንቺ ስትናገሪ እናት ነሽ። እናትን ማን ያቋርጣል?"

ሁለት ገጽ ሰጠችኝ። ተጽፎ ያለቀ። "እንደፈለግሽ ለውጪው፣ አፉ ያንቺ ነው። ሁለተኛውን ገጽ ብቻ እንዳትነኪው፤ አንቀጹ ይሰረዝ የሚለው እሱ ነው።"

ኩራት ተሰማኝ። ለምን እዋሻለሁ?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ወጥ ቤት ቆሜ ተለማመድኩ። ፊርሚን ድንች እየላጠ ያዳምጣል።

"...የፈጠራ ምኅዳሩን የሚያዳክም..."

"ቆይ ቆይ። ምኅዳር? አንቺ መቼ ነው ምኅዳር ብለሽ የምታውቂው?"

"ጥሩ ቃል ነው።"

"ጥሩማ ነው። ያንቺ አይደለም እንጂ።"

ፊን ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ። እስኪያልፍላት ሁለታችንም ጠበቅን። አለፈ።

ሐሳቡ ግን ስህተት አይደለም። ካላተረፈ አዲስ መድኃኒት ማን ይሠራል? ይህን አምናለሁ። ፊን ስትስል ደግሞ አብልጬ አምናለሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ራድካ የምትባል ሴት ኢሜይል ጻፈችልኝ። ከቡልጋሪያ፣ ከፕሎቭዲቭ። ስሜን የስብሰባው ፕሮግራም ላይ አይታ ነው። ከሰዓት በቪዲዮ አወራን። ፊቷ የደከመ፣ አነጋገሯ ጥድፊያ። ልጇ ኢስክራ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የፊን ሕመም ነው ያለባት። ያው ሳንባ።

"መድኃኒቱን መቼ ጀመረች?" አልኳት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው...

"የት አግኝታ? እዚህ እኮ አይሸጥም። አምስት ዓመት ሙሉ እየጠበቅን ነው።"

"ለምን?"

"እኛ አቅም የለንም፣ በርካሽ ነው የምንገዛው። ለኛ በርካሽ ከሸጡ እናንተም 'ለኛም ቀንሱልን' ትላላችሁ። ስለዚህ ጭራሽ አያመጡትም።" ከዚያ ፈገግ አለች። "አንቺ መናገርሽ እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ። ያንን አንቀጽ ታስጠብቂልናለሽ፣ አይደል? እናት ነሽ፣ ይገባሻል።"

ምን ብዬ መለስኩላት? "እናያለን።" እናያለን!

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ራድካ የኢስክራን ፎቶ ላከች። አልከፈትኩትም።

ከፈትኩት። አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ። ጥፍሮቿን አረንጓዴ ተቀብታለች።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ለኦርታንስ ደወልኩ። ስለ ራድካ ነገርኳት። ይህንን ንግግር ማንበብ ከብዶኛል አልኳት።

"ቡልጋሪያ እኮ የራሷ መንግሥት አላት፣ የኔ ውድ። ያልደረሰላት መንግሥቷ ነው።"

"ግን እናንተ ካላቀረባችሁት..."

"ሊቬ። ሁለተኛውን ገጽ ተረጋግተሽ አንብቢው፣ ሁሉም እዚያ አለ።" ከዚያ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፦ "ፊን እንዴት ናት? ፕሮግራሙ ዲሴምበር ላይ አይደል የሚታደሰው?"

የጤና መድኑ ለፊን ዓይነት ሕመም አይከፍልም። ኩባንያው ነው በነፃ የሚሰጣት፤ ለሷና ለሌሎች አሥር ልጆች። በየዓመቱ ይታደሳል። ኦርታንስ ይህን ከኔ በላይ ታውቃለች። ታዲያ ለምን ጠየቀችኝ? ማስፈራራት ነበር? ወይስ ደግነት?

ሳልሰናበታት ስልኩን ዘጋሁት። ጭንቅላቴ ገና ሲከራከር እጄ ገብቶታል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ለፊርሚን ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም፣ ፈራ። እሱ ሲፈራ ማየት ከቁጣው ይብሳል።

"አመመኝ በይ። ሌላ ሰው ያንብብ።"

"ሌላ ሰው ካነበበውስ ምን ተለወጠ?"

"እኛ እጃችን የለበትም። ልጄን ይዘውብኛል፣ ሊቬ! መያዣ የተያዘበት ሰው አይጀግንም።"

ለካ ፊን በሩ ጋ ቆማለች። ስንት ሰማች? የራድካን ስልክ ቁጥር ብቻ ተቀበለችኝ። ክፍሏ ገብታ ከኢስክራ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ሲሳሳቁ ይሰማል። ማን የከፋ ሳል እንደሚስል ሲወዳደሩ ነበር አሉ...

ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "ልጅቷ ከኔ ትብሳለች፣ እማ። በሳሉም በቀልዱም።"

"ምን ላድርግ?"

"እኔ ልወስንልሽ? እኔም እኮ እፈራለሁ። ያ ደረጃ ትዝ ይለኛል።" እጄን ያዘች። "ብቻ ያንን ወረቀት በኔ ስም እንዳታነቢው።"

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

የፊንን ሐኪም ጠየቅኳት። የአንድ ልጅን መድኃኒት ብቻ ነጥለው ማቆም ይችላሉ ወይ?

"አንዷን ነጥለው? አይመስለኝም፣ ያሳፍራቸዋል። ፕሮግራሙን ግን ለሁሉም መዝጋት ይችላሉ። ምክንያት አይጠየቁም።"

ለሁሉም። አሥራ አንድ ልጆች። ለሌሎቹ እናቶች ልደውል ስልኩን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ቢከለክሉኝስ?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

አዳራሹ ክብ ነው። አስተርጓሚዎቹ በመስታወት ውስጥ። አራት ደቂቃ ሰጡኝ፤ ሲያልቅ ቀይ መብራት ይበራል። ኦርታንስ በር ላይ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፣ የኮቴን ኮሌታ አስተካከለችልኝ፣ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች።

"እኔ እናት ነኝ" ብዬ ጀመርኩ። የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር። እሱስ እውነት ነው። ሁለተኛውን መስመር አየሁት... አፌ እምቢ አለ። ሰብሳቢው "ወይዘሮ፣ ደህና ነዎት?" አለ።

"ይህን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም" አልኩ።

"ማን ነው የጻፈው?"

"የልጄን መድኃኒት የሚሠራው ኩባንያ።"

ጉርምርምታ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን በትክክል አላስታውስም። ስለ ፊን ብስክሌት ተናገርኩ። ስለ ኢስክራ አረንጓዴ ጥፍር ተናገርኩ። "ሁለቱም የአንድ ኅብረት ልጆች ናቸው፣ አንዷ ትተነፍሳለች" ማለቴን አውቃለሁ። ቀዩ መብራት በራ፣ ማንም አላስቆመኝም። እናትን ማን ያቋርጣል...

አንዲት ፊንላንዳዊት ተወካይ እጇን አወጣች። "ይህን በመናገርዎ የሚያጡት ነገር አለ?"

"የልጄን መድኃኒት ላጣ እችላለሁ።"

በመስታወቱ ውስጥ አንዷ አስተርጓሚ ድምፅዋ ተሰበረ። በጆሮ ማዳመጫው ሰማሁት።

ኮሪደር ላይ ኦርታንስ ደረሰችብኝ። ዓይኗ ቀልቷል። "ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር።"

"ዓርብ ዕለት ነግሬሽ ነበር። አንቺ ስለ ዲሴምበር ጠየቅሽኝ።"

"እኔ ከልቤ ነው የምወዳችሁ፣ ሊቬ።"

አምናታለሁ። የሚከፋኝ እሱ ነው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

ኦዲሊያ ደወለች። ማኅበሩን አብራኝ የመሠረተች ናት፤ ልጇ ሩበን ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው። ሰላምታ የለም።

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ኦዲሊያ..."

"ያንቺን ልጅ አስይዢ፣ መብትሽ ነው። የኔን ማን አስያዢ አለሽ? ምነው አንዴ ብትደውዪልኝ! ሩበን ጃንዋሪ ላይ ምን ይዋጥ? ጭብጨባ ይዋጥ?"

ልክ ናት። ማክሰኞ ስልኩን ያስቀመጥኩት እምቢ እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው። ኩባንያው ያለ ፍላጎቴ በአፌ ሊናገር ፈለገ። እኔስ ያለ እሷ ፈቃድ በልጇ ሳንባ አልተናገርኩም?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ኮሚቴው ድምፅ ሰጠ። አንቀጹ በሦስት ድምፅ ልዩነት ተረፈ። ግን ተሸራርፏል፦ መጀመሪያ መድኃኒቱ ያልቀረበላት አገር ራሷ በጽሑፍ መጠየቅ አለባት፣ ከዚያ ኩባንያው ሦስት ዓመት ይሰጠዋል። ማን ሸረሸረው? የፊንላንዳዊቷ ተወካይ ጸሐፊ እንደነገረችኝ ከስብሰባው በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቻ ቢሯቸው ከኩባንያዎች አርባ ሰው ተመላልሷል። እኔ የተናገርኩት አንድ ጊዜ ነው።

ራድካ አለቀሰች። "ግማሽ ዳቦ ነው" አለች። "ግማሽ ዳቦ ግን ዳቦ ነው።"

ሦስት ዓመት። ኢስክራ አሥራ ዘጠኝ ይሆናታል። ከደረሰች።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 1

ሁለት ደብዳቤ በአንድ ቀን። አንደኛው፦ ለማኅበሩ የሚደረገው ድጋፍ "በበጀት ማስተካከያ ምክንያት" ተቋርጧል። ሁለተኛው፦ የልጆቹ ፕሮግራም ለስድስት ወር ብቻ ታድሷል፣ "ከዚያ በኋላ ያለው እየታየ ይወሰናል"።

ፊርሚን ሁለተኛውን ደብዳቤ አራት ጊዜ አነበበ። "እየታየ" አለ። "ማንን እያዩ?"

ኦዲሊያ አዲስ ማኅበር አቋቁማለች። ከራሷ ጋር ስድስት ቤተሰብ ይዛ ሄደች። አዲስ ቢሮም አላት፣ ከኛ የሰፋ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 16

ቢሮውን አስረክበናል። የቀረነው አምስት ቤተሰብ የምንሰበሰበው ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች በልጆች ወንበር ላይ። የጤና መድኑ ለልጆቻችን እንዲከፍል ማመልከቻ አስገብተናል። ፊን ናት የጻፈችው። ምኅዳር የሚል ቃል የለበትም።

ዛሬ ብራስልስ ነበርኩ፤ ስለ ሕጉ የኅብረቱ አገሮችም ገና ይወያያሉና እነሱም ወላጆችን ጠርተው ነበር። በር ላይ ፎርም አስሞሉኝ፦ ማንን ይወክላሉ? ወጪዎን ማን ይሸፍናል? "አምስት ቤተሰብ"፣ "ባሌ" ብዬ ጻፍኩ። ወትዋች ሆንኩ ማለት ነው። እኔ!

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ኦዲሊያ ነበረች። ብቻዋን። ኦርታንስ በመስታወቱ ማዶ ስልክ ታወራለች። ኦዲሊያ ጭኗ ላይ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስታየኝ አቆመች።

ልመለስ? ልለፋት? ከኦክቶበር ወዲህ አልተነጋገርንም። ልጠላት ሞከርኩ... ልጅ አላት።

"ሩበን እንዴት ነው?" አልኩ።

"ደረጃ ይወጣል" አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። "እስከ ጁን።"

"ፊንም እስከ ጁን።"

ከዚያ ቦርሳዋን ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ አነሳች። ተቀመጥኩ።