የአውራ ጣት ውፍረት

ኦክቶበር 24

ጠዋቱን የአውሮፕላን ክንፍ ስንጠርግ አሳለፍን። አመዳዩ ሌሊት በሸራው ስር ሾልኮ ገብቷል። ሸራውን ማን እንዳለበሰ በቁጣ ጠየቅኩ። እኔ ነኝ ለካ። ወሬ ቀየርኩ።

ከምሳ በፊት ለአዲሷ አብራሪያችን ለኦሊንካ ስለ ጎማው አስረዳኋት። የክንፉ ግንባር ላይ የተለበጠው ጥቁር ጎማ ማብሪያውን ሲጫኑት አየር ገብቶበት ያብጣል፤ የተጋገረውን በረዶ ሰንጥቆ ይጥላል። ዋናው ነገር ግን ሰዓቱ ነው አልኳት። ቶሎ ካሳበጡት ስሱ በረዶ አብሮ ተለጥጦ ቅርፊት ይሠራል፣ ከዚያ ወዲያ ጎማው ቅርፊቱ ውስጥ በከንቱ ሲተነፍስ ይኖራል። ስለዚህ በረዶው የአውራ ጣት ውፍረት እስኪይዝ መጠበቅ። ይህን ለእኔ አስተማሪዬ ነገረኝ፣ ለእሱም አስተማሪው። ቅርፊቱን በዓይኑ ያየ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም...

ኦሊንካ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። ፋብሪካው የላከው ማስታወቂያ "በረዶ እንደታየ ወዲያውኑ" ይላል። ከፊሉን ጃኬቴ ሸፍኖታል፤ ሌላ ምስማር የለንም።

"ወረቀት በርሮ አያውቅም" አልኳት።

መካኒኩ ካርል እስኪያስለው ሳቀ። ቀልዴ ሲሳካ ትክክል የሆንኩ ይመስለኛል።

ኦክቶበር 29

ጭጋግ። ማንም አልበረረም። አንድ የወንጀል መጽሐፍ ደግሜ አነበብኩ። ገዳዩ አሁንም ያው ሰውዬ ነው።

ኖቬምበር 4

በሕይወት አሉ። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ።

ከምሳ በኋላ ኦሊንካ ወደ ወንዙ ታችኛው መንደር ተነሳች። ፖስታ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ እና ሽማግሌው ዋሲሊ። ዋሲሊ ከጥርስ ሐኪም መመለሱ ነው፤ ባለ አዲስ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለሁሉም ፈገግ እያለ። እኔ ሬዲዮ ላይ ነበርኩ።

"አጎቴ፣ በረዶ ጀምሯል። ገና ስስ ነው" አለች። አጎቷ አይደለሁም፤ መብረር ካስተማርኳት ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራኝ።

ትንሽ ቆይታ፣ "ግማሽ አውራ ጣት ሆኗል። ላሳብጠው?"

"ትንሽ ጠብቂ" አልኳት።

የደረቀ የሳልመን አሣ እያኘክሁ ነበር። እንደዚያ ነው ያልኳት... አፌ ሞልቶ።

ከዚያ ፍጥነቷ እየወረደ እንደሆነ፣ ለሞተሩ ሙሉ ኃይል ብትሰጠውም አልሰማ እንዳላት ተናገረች። ከዚያ ዝም።

ከወንዙ ማዶ ቁጥቋጦ ላይ ነው የወደቁት። የመንደሩ ሰዎች በረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር ደረሱላቸው። እሷ የትከሻዋ አጥንትና እጇ ተሰብሯል። ዋሲሊ ጥርሱን አጥቷል፤ ሌላው ደህና ነው።

ቦታው ድረስ ሄድኩ። ክንፉ ላይ ያለው በረዶ ገና አልረገፈም። አውራ ጣቴን አስጠጋሁበት።

አውራ ጣት እንኳን አይሞላም።

ኖቬምበር 6

ሆስፒታል። እናቷ ናስታሲያ አኩታክ ይዛ መጥታ ነበር፤ በስብ የተመታ የዱር እንጆሪ። ትልቁን ጎድጓዳ ሳህን ለእኔ ሰጠችኝ። "ያዳናት ያንተ ትምህርት ነው" አለች። እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም።

ናስታሲያ ስትወጣ ኦሊንካ ነገረችኝ። የአደጋው መርማሪ ሲጠይቃት፣ ጎማውን ያዘገየሁት በራሴ ውሳኔ ነው ብላዋለች። ሬዲዮአችን እንደሆነ አይቀዳም።

"ለምን?"

"አንተን ካነሱህ ካምፓኒው ያለ ዋና አብራሪ ይቀራል፤ ሕጉ አይፈቅድም፣ ይዘጋል። እኔን ቢያነሱኝ የጎደለው አንድ ሰው ነው።"

"ፈቃድሽንስ ቢቀሙሽ?"

"ከወንድሞቼ ጋር አሣ አጠምዳለኋ።"

ጀልባ ላይ የሚያስመልሳት ልጅ።

እኔስ ምን አልኩ? አመሰግናለሁ አልኳት። አሁን ስጽፈው እንኳን ማመን ያቅተኛል። አመሰግናለሁ።

ኖቬምበር 10

መርማሪው ትሁት ሰው ነው። ያን ቀን በሬዲዮ ተነጋግራችሁ ነበር ወይ አለኝ። በረዶ እንዳለ ነግራኝ ነበር አልኩት። አልዋሸሁም። እውነቱን ግማሽ መንገድ ላይ አቆምኩት እንጂ። የእሷ ፈቃድ መታገዱ እንደማይቀር ሹክ አለኝ። ሲወጣ ጨበጠኝ።

ኖቬምበር 12

ዋሲሊ እንፋሎት ቤት ጠራኝ። እምቢ አይባልም። ሁለታችን ብቻ፣ ራቁታችንን፣ ጣሪያው ጭንቅላታችንን እየነካን። ድንጋዩ ላይ ውሃ እየጨመረ ስለ ጥርሱ አወራ። ቁጥቋጦው ውስጥ ፈልገው አጡት። አንድ ቀበሮ በጥርሴ እየሳቀ ነው አለ።

ከዚያ፣ "ድምፅህ በጆሮ ማዳመጫ ያምራል" አለኝ።

"ምን?"

"ልጅቷ እንዳይሰለቸኝ ብላ አድርጋልኝ ነበር። ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው፣ ኤፊም። እያኘክህ እንኳን።"

ለመርማሪው ነግረኸዋል ወይ አልኩት።

"አልጠየቀኝማ። የጠየቀኝ ስለ ጥርሴ ነው።" ሌላ ጭልፋ ውሃ ደፋበት። "ነገ በጠዋቱ አውሮፕላን ይሄዳል አሉ ሰውዬው።"

ከዚያ ጀርባዬን አሸልኝ።

ኖቬምበር 13

መርማሪው ሻንጣውን ሲዘጋ ደረስኩ። ሁሉንም ነገርኩት። አውራ ጣቱን፣ ማስታወቂያውን፣ ጃኬቱን፣ "ትንሽ ጠብቂ"ን። ሳልመኑንም ነገርኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ተቀመጠ፣ ጻፈ። ከዚያ ስሜ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ። ሰሞኑን ሲጨብጠኝ ከርሞ፣ ስሜን ገና አሁን።

ማርች 2

ዋና አብራሪነቱ ከተወሰደብኝ ሰነበተ። ሌላ ሰው አመጡ፤ ጎበዝ ነው፣ ቀልድ አይችልም። ካምፓኒው አልተዘጋም። ያለ እኔ አንድ ፖስታ እንኳን አላዘገየም። እኔ አመዳይ እጠርጋለሁ፣ ሸራ አለብሳለሁ፣ ሬዲዮ እጠብቃለሁ። ጃኬቴን ወንበር ላይ ነው የማኖረው።

ናስታሲያ ሱቅ ውስጥ ስታየኝ ወደ ዱቄቱ ትዞራለች። ብዙ ዱቄት ገዝታለች በዚህ ክረምት።

የኦሊንካ ፈቃድ አልተነካም፣ እጇም ድኗል። ዛሬ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን በረረች። ያው መንገድ፣ ያው ዳይፐር። ክንፉን እኔ ነኝ የጠረግሁት። ጠርጌ ስጨርስ እንደገና በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከዳር እስከ ዳር። ቆሜ ጠበቅኋት።

መንገዱን ሳታጋምስ ድምፅዋ መጣ።

"ጣቢያ፣ በረዶ ጀመረ። አሳብጫለሁ።"

እጄ ማይክሮፎኑ ላይ ነበር። ምንም አልነካሁም።

"ረግፏል" አለች ቀጥላ።

"ተሰምቷል" አልኩ።

"ላሳብጠው?" አላለችም። "አጎቴ"ም አላለችም።

ከሁለቱ በመጀመሪያው ደስ አለኝ።